ከፊቴ ለሚነሳው ወንበር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የአደባባዩ ማዕዘን ምግብ ቤት ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡር ሆይ፣ ጨጓራዎ ሰላም፣ ወገብዎ ጽኑ፣ እንቅልፍዎም የጻድቅ እንቅልፍ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን ምስጋና በአካል ቀርቤ ላደርስ ብሞክርም ከትልልቅ እንግዶች ጋር ነዎት እየተባልኩ ስለተመለስኩ፣ እነሆ በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ። ትልቅ እንግዳ ማለት በቤትዎ አቆጣጠር ከአራት ሰው ጀምሮ እንደሆነ ውሎ አድሮ ገብቶኛል።

እኔ አሳንሰር ጠጋኝ ነኝ። መሥሪያ ቤቴ ወደዚህ ከተማ ካዛወረኝ ወዲህ ሰው የማገኘው ሁለት ፎቅ መሃል ተጣብቆ ሲጮህ ብቻ ነው፤ ካወጣሁትም በኋላ ደረጃውን ይዞ ይሮጣል እንጂ ዞር ብሎ አያየኝም። አከራዬ የሽንኩርት ሽታ ራሴን ያዞረኛል የሚሉ ሴት ስለሆኑ ማብሰል አልችልም። እንግዲህ እግር ጥሎኝ ከእርስዎ ደጅ ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ የተደረገልኝን ውለታ በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ በር ላይ የሚቆሙት ተቀባይዎ ስለ ድምፃቸው ሊሾሙ ይገባል። ስገባ ከእግር እስከ ራሴ ያዩኝና፣ ከኋላዬ ሰው እንደሌለ አንገታቸውን አስግገው ያረጋግጡና፣ «አንድ ሰው ብቻ!» ብለው እስከ ወጥ ቤቱ ያስተጋባሉ። መርዶ እንኳን እንዲህ ሳይሸፋፈን አይነገርም። አዳራሹ በሙሉ ማንኪያውን አስቀምጦ ያየኛል፤ እኔም የሞተብኝ ሰው ያለ ይመስል አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

ሁለተኛ፣ በመጸዳጃ ቤቱ በርና በእጅ መታጠቢያው መካከል ስላዘጋጁልኝ ጠረጴዛ። እጁን ታጥቦ ፎጣ ያጣ ሁሉ እያራገፈ ሲያልፍ ትከሻዬ ይጠመቃል። ከራሴ በላይ ደግሞ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚል ጽሑፍ በወርቃማ ቀለም አሠርተው ሰቅለዋል። ምክርዎን ተቀብያለሁ። አንድ ማታ የቀረበልኝ ዓሣ ደግሞ መብላቱንም መሞቱንም በአንድ ገበታ ሊያስፈጽመኝ ምንም አልቀረው።

ሦስተኛው የወንበሩ ነገር ነው። ገና ቁጭ ከማለቴ ያ ቀጭኑ አስተናጋጅ ይመጣና ከፊቴ ያለውን ወንበር ብድግ አድርጎ ለብዙኃኑ ይወስደዋል። ወንበር ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ወንበሩ ሳለ ሰው የሚጠብቅ ሰው ነበርኩ፣ ወንበሩ ሲነሳ ማንም የማይመጣለት ሆንኩ። በአንድ እጅ እንዲህ ያለ ፍርድ የሚፈርድ ዳኛ ቀጥረው በአስተናጋጅ ደመወዝ ማሠራትዎን አደንቃለሁ። አንድ ቀን እልህ ይዞኝ ለሁለት ሰው የሚቀርበውን ጥብስ ባዝ፣ ይኸው ሰው ወንበሩን በብብቱ እንደያዘ ሌላኛው እንግዳ መቼ እንደሚመጡ በትሕትና ጠየቀኝ።

ታዲያ ምን አቆየህ ይሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ እውነተኛ ምስጋና አለብኝ። እናቴ በየማታው ትደውላለች፤ እኔም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እየበላሁ ነው እላታለሁ። የአዳራሽዎ ጫጫታ፣ የሰው ልጆች ሳቅ፣ የሰው አጎቶች ጨዋታ ሁሉ ተሰብስቦ ምስክር ይቆምልኝ ነበር። እሷም «ሰው ካለህ እኔ እተኛለሁ» ብላ ትዘጋለች። ክቡር ሆይ፣ እኔ የምከፍልዎ ለጫጫታው ነበር፤ ሾርባው ምርቃት ነው።

በመጨረሻ ታላቅ እህቴ ለሥራ ስታልፍ ልታየኝ መጣች። ደውዬ የመስኮቱን ጠረጴዛ፣ ለሁለት ሰው ብዬ፣ ቃሉን ሁለቴ ደግሜ አስያዝኩ። ሸሚዜን ተኩሼ፣ ቀድሜ ደርሼ፣ ኮራ ብዬ ተቀመጥኩ። የእሷ አውቶቡስ ዘገየ። ስልኬን አይቼ ቀና ስል ከፊቴ ያለው ወንበር የለም፤ የልደት ድግስ ላይ ፊኛ ታስሮበት ቆሟል። እህቴ ሻንጣዋን ይዛ ከራሴ በላይ ስትቆም ቀጭኑ አስተናጋጅ ደንግጦ እየሮጠ መጣ።

«ይቅርታ እትዬ፣ እሳቸው ሁልጊዜ ብቻቸውን ስለሚበሉ ወንበሯን ማንሳት ለምዶብን ነው።»

ልብ ይበሉ፣ ልጁ ክፋት የለውም። እውነቱን ነው የተናገረው። እርስዎ ያስተማሩትን ሥራ አጣርቶ ሠራ እንጂ ምን አጠፋ?

እህቴ ወደ ልደቱ ሄዳ ፊኛውን ፈታ ለባለ ልደቷ ሰጠች፣ ወንበሩን እየጎተተች መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፣ ልጅ ሳለን ታደርገው እንደነበረው ሥጋውን እየቆረሰች ወደ እኔ ሳህን ታደርግ ጀመር። እጅ ታጥበን ስንወጣ ለእማዬ እንደማትነግራት ቃል ገባችልኝ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ ስድብ ጠጥቻለሁ፤ እንደዚያ ምሕረት የመረረኝ ግን የለም። አሁን በየማታው ከእናቴ ቀድማ የምትደውለው እሷ ናት። ምን በላህ ትላለች እንጂ ከማን ጋር አትልም።

ስለዚህ ወንበሩን ተዉልኝ ብዬ አላስቸግርዎም። ጊዜው አልፏል። ከቤትዎ የተማርኩትን ማንሳት በራሴ ላይ ሠርቼበት፣ ከነእርጥብ ትከሻዬ ወደ መንገዱ ማዶ ምግብ ቤት ተነስቻለሁ። የመታጠቢያው ጎን ጠረጴዛ ባዶ ስለሆነ ለመጥረጊያና ለባልዲ ይሁንልዎ፤ እነሱም ቢያንስ ሁለት ናቸው።

በርስዎ ቸርነት ከአዳራሽ ሙሉ ሕዝብ መካከል ተመርጦ የተገለለ፣
በሰው እጅ ውሃ የረጠበ፣ በጥቅስ የጠገበ፣
የቀድሞው «አንድ ሰው ብቻ»

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው የዕረፍት ቀንዎ መንገዱን ተሻግረው እዚያው እኔ በምበላበት ቤት እራት ሲበሉ አይቼዎታለሁ። ብቻዎን ነበሩ። ከፊትዎ ላለው ወንበር ኮትዎን ሰው አስመስለው አልብሰውታል። ለብዙ ሰው ወንበር ሲጎድል አስተናጋጇ ኮትዎን አንስታ ወንበሩን ልትወስድ ስትል፣ ከኋላ ሆኜ «ተዪላቸው፣ ሰው ይጠብቃሉ» ያልኳት እኔ ነኝ፤ ከፊቴ ያለውን ወንበር ሰጠኋት። ሒሳብዎን ከፍለው እስኪወጡ ድረስ በሩን እያየሁ አብሬዎት ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም።