ፊቴን ለማን እንደተውሁ

ሕዝብ ሎሬይን ቫንስ በሚል ስም የሚያውቀኝ፣ ወላጆቼ ግን ቬርና ክራትኪ ብለው ያሳደጉኝ የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋናይት እኔ፣ በሰማንያ ስድስት ዓመቴ፣ ሳንባዬ ቢከዳኝም ልቦናዬ ሳይከዳኝ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2024 በበርባንክ ከተማ በመኖሪያ ቤቴ ሳሎን ሆኜ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። የሚጽፈው ጠበቃዬ አቶ ሮዝን ነው። ንዴቴን አለዝቦ እንዳይጽፍ አስጠንቅቄዋለሁ።

አንደኛ፣ አስከሬኔ ይቃጠልና አመዴ ነብራስካ ተወስዶ በእናቴ መቃብር ላይ ይበተን። በየዓመቱ በፊልም ሽልማት ዕለት የሞቱ ተዋንያንን ፎቶ ለዐይን ጥቅሻ ያህል የሚያሳዩት ሰዎች የእኔን ይተዉት። በሕይወት ሳለሁ ከኋላ ረድፍ እንኳ ወንበር ነፍገውኛል።

ሁለተኛ፣ ለእህቴ ልጅ ለክሬግ መኪናዬንና የአባቴን የእጅ ሰዓት ሰጥቻለሁ። ልጅ ሳለ እኔው ጋ አድጓልና እወደዋለሁ። ከዚህ በላይ ግን አላምነውም።

ሦስተኛ፣ ስለ ፊቴና ስለ ድምፄ። ባለፈው ወር ክሬግ የአንድ ፊልም ኩባንያ ሰው ይዞብኝ መጣ። እኔ ከሞትሁ በኋላ በኮምፒውተር የሠላሳ ዓመት ሴት አድርገው ፊልም ሊያሠሩኝ ይፈልጋሉ። አርባ ሳይሞላኝ እነዚሁ ሰዎች፣ ወይም አባቶቻቸው፣ ፊትሽ አልቋል ብለው በተከታታይ ድራማ ላይ በዕድሜ ለሚበልጠኝ ወንድ እናት አደረጉኝ። ያ ጎልማሳ በካሜራ ፊት «እማዬ» ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። እምቢ ብል ቤቴን ባንክ ይወስደው ስለነበር ዓመታት እናቱ ሆኜ ኖርሁ። ዛሬ ያ አለቀ የተባለው ፊት ተፈለገ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

እዚህ ላይ፣ ተቀምጦ ሲሰማ የነበረው ክሬግ አቋረጠኝ፤ የተባባልነውም ይጻፍ ብያለሁ።

«አክስቴ፣ ምን ነካሽ? ሞተሽም ትሠሪያለሽ እኮ! ይሄን ዕድል ማን ያገኛል?»

«በቁሜ እምቢ ማለት አቃተኝ። ሞቼም ላይቻል ነው?»

«እኔ እኮ እሺ ብያቸዋለሁ!»

«እንግዲያው የራስህን ፊት ስጣቸዋ!»

ስለዚህ ይህን ቤት፣ በፊቴና በድምፄ ላይ የማዘዝ መብቴንም ሁሉ፣ ለዊልማ ታተም አውርሻለሁ። ዊልማ ቁመቷም ጸጉሯም እንደ እኔ ነውና፣ መብራቱና ካሜራው እስኪስተካከል በእኔ ቦታ ስትቆም ኖራለች። እሷ በመብራቱ ስትለበለብ እኔ ጥላ ሥር ሎሚናት እጠጣ ነበር። ቀረጻ ሊጀመር ሲል ዘወር በይ ይሏታል። አንድም ፊልም ላይ አልታየችም። ባሏ ከሞተ ወዲህ በጓሮዬ ክፍል ትኖራለች። ሾርባዋ ጨው ይበዛዋል፤ ቢሆንም ከእሷ በቀር ያጎረሰኝ የለም።

ዊልማ ይህን አታውቅም ነበር። ከአስታማሚዬ ከሲሲሊያ ጋር ለምስክርነት ተጠርታ፣ ብዕር ይዛ ከጠበቃው ጎን ተቀምጣለች።

«ቬርና፣ ኧረ ተይ! እኔ ለመፈረም ነው የመጣሁት» አለች።

«የሚወርስ ሰው ሲመሰክር ኋላ ጣጣ ያመጣል» አለ አቶ ሮዝን። «ወይዘሮ ዊልማ፣ ብዕሩን ያስቀምጡት።»

በእሷ ፈንታ እንዲመሰክር ጎረቤቴ ቫሃን አትክልት ከሚያጠጣበት ተጠርቶ መጣ። ዊልማ እንደ ልማዷ ብድግ ብላ ወንበሩን ለቀቀችለትና ግድግዳ ተጠግታ ቆመች። ከክሬግ ይልቅ በእሷ ተናደድሁ።

«ምን ግድግዳ ላይ ለጠፈሽ? ነይ እዚህ ጎኔ ተቀመጪ። የኩባንያው ሰው ሲመጣ ምን ትይዋለሽ?»

«እምቢ» አለች በለሆሳስ።

«አልተሰማም።»

«እምቢ! አልሰጥም!»

አቶ ሮዝን ቀና ብሎ አየኝ። ጻፈው አልሁት።

ይህ ቃል ተነቦልኝ ሰምቼ፣ ያለማንም አስገዳጅነት ወላጆቼ ባወጡልኝ ስም ፈርሜያለሁ። ቬርና ክራትኪ።

ሲነገር ሰምተን፣ ስትፈርም አይተን ፈርመናል። ቫሃን ተርዚያን፣ ጎረቤት። ሲሲሊያ ኦካምፖ፣ አስታማሚ ነርስ።

ክሬግ በቦታው ተገኝቶ ሰምቷል፤ አልፈርምም ብሏል። ፈርም ያለውም የለም።