አንቱ! ብዬ ብጣራ

ጥቅምት ፬ ቀን ፲፱፻፳፪
ዛሬም አዳማ ገበያ መሀል ጠፉብኝ። ባሌ ናቸው እንግዲህ። ምን ብዬ ልጣራ? አማቴ ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ "የባል ስም በአፍ አይጠራም" ብለው አስረውኛል። "አንቱ!" ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌው ሁሉ ዞሮ "አቤት!" አለኝ... እሳቸው ብቻ ቀሩ።

ጥቅምት ፭
ጎረቤቴን ፋዲላን አማከርኳት። "እኔ 'የሳሊህ አባት' ነው የምለው። ውለጂና በልጅሽ ጥሪው" አለች። እስከዚያስ? ገና አሁን ተጋብተን!

ጥቅምት ፲፩
ነገ በባቡር ሞጆ ይሄዳሉ፣ ለአባታቸው ተዝካር። አማቴ ቀድመዋል። የበኩር ልጅ ከቀረ ዘመድ ምን ይላል? ኩታቸውን አጥቤ አሰጣሁ።

ጥቅምት ፲፪
የረሱትን ስንቅ ይዤ ጣቢያ ብደርስ ሁለት ባቡር ቆሟል። እሳቸው ወደ አዋሽ በሚወርደው ውስጥ ተመቻችተው ተቀምጠዋል! ጀርባቸውን ሰጥተው ወሬ ይዘዋል። ሰዉ አያሳልፍ። "አንቱ!" ብል ስንቱ አንገት በመስኮት ብቅ አለ፣ የእሳቸው የለም። ባቡሩ አፏጨ። ጨነቀኝ...

"በሕግ አምላክ!" አልኩ።

ሁሉም ባለበት ደረቀ። ተሸካሚው ገርባ እንኳ ጆንያውን በትከሻው እንደያዘ ቀጥ አለ። በሕግ አምላክ ተብሎ ማን ይንቀሳቀሳል? አቶ አስፋው የሚባሉ ሽማግሌ እዚያው ዳኛ ሆኑ።

"ማንን ነው ያቆምሽው?"
"ባሌን።"
"ስሙን ጥሪዋ!"
በጣቴ ባቡሩን አሳየሁ።
"ታዲያ ባቡሩን ነው የምትከሺው?"

ሳቁብኝ። ነጂው ፈረንጅ ነው፤ የእኛን ሕግ ከየት ያውቃል? ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።

"ኃይለየሱስ!!"

ዘለው ወረዱ። ስህተታቸው ገብቷቸው አይደለም፤ ሊቆጡኝ ነው። "በሰው ፊት ስሜን?!" ቁጣው ሳያልቅ ባቡሩ ወደ አዋሽ ነጎደ። አዩት። እኔንም አዩኝ። ስንቁን ተቀበሉኝና የሞጆው ላይ ወጡ።

ጥቅምት ፲፮
ኃይለየሱስ ከነእናቱ ተመለሰ። ወሬው ቀድሟቸዋል። አማቴ ገና ከደጃፍ፣ "በአደባባይ ስሙን!" ብለው ጀመሩ።

"ባትጠራኝ ኖሮ፣ እማዬ፣ ተዝካሩ ሞጆ፣ እኔ አዋሽ ነበርኩ" አለ ኃይለየሱስ። ደስ አለኝ። አማቴ መደቡ ላይ ተቀመጡና፣ "እኔ ሟቹን አባትህን ዕድሜ ልኬን በስሙ ጠርቼው አላውቅም" አሉ።

ማምሻውን ከጓሮ "አብተው!" የሚል ሰማሁ። እንግዳ መጣ ብዬ ብወጣ አማቴ ብቻቸውን ቆመዋል።

"ማንን ነው የሚጠሩት?"
"ተይኝ... የሟቹን ስም እስቲ ልሞክረው ብዬ ነው።"

አፈሩ። ደግሞ ጮክ ብለው "አብተው!" አሉ።

ኃይለየሱስ ከቤት ውስጥ በአባቱ ፈንታ "አቤት!" አላቸው።