ያልተደረሰ ለቅሶ

እሑድ

እንደገና ሂሩት! ከቅዳሴ በኋላ ካሮልተን ከተማ ጓደኞቻችን ቤት ምሳ ስንበላ፣ ወሬው የቴክሳስ የውርጃ ሕግ ላይ ወደቀ። ሂሩት ኤርፖርት ከባሌ ከብሩክ ጋር ትሠራለች፤ ማታ ማታ ዴንተን ከተማ ኮሌጅ ትማራለች። «ፅንስ ሰው ነው ካልን ኦልዌይስ ሰው ነው። እናቱ ተደፍራ ስለፀነሰችው ሰውነቱ አይቀርም። ሶ፣ ሕጉ ወይ ሁሉንም ይጠብቅ ወይ ይተው። ኮንሲስተንት እንሁን፣ አቋማችን አይለዋወጥ» አለች። ብሩክ አፉን ከፍቶ ያያታል። መኪና ውስጥም «ክርክሯ ቀዳዳ የለውም» ይለኛል። እኔ ሳወራ ግን ስልኩን ነው የሚያየው።

ቀናሁ። አዎ ቀናሁ፣ ምን ይሁን?

ሰኞ

ሥራ ላይ የአውሮፕላን ምግብ እየደረደርኩ የክርክሯን ቀዳዳ ስፈልግ ዋልኩ። እውነት ለመናገር፣ እኔ ራሴ ስለ ሕጉ ምን እንደማምን አላውቅም። የምፈልገው ሂሩት እንድትሳሳት ብቻ ነው።

ከዚያ ትዝ አለኝ። አምና እርጉዝ ሆኜ ሳላስበው ሲያስወርደኝ ለቅሶ የደረሰኝ ሰው የለም። «ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» ብለውኝ አለፉ። ብሩክም በማግስቱ ሥራ ገባ፤ ሲያለቅስ አላየሁትም። ሰው ከነበረ ለቅሶው የታለ? አገኘሁት!

ማክሰኞ

ብሩክን ከሥራ ልወስደው ስሄድ ከሂሩት ጋር ቆመው ይስቃሉ። ደሜ ፈላ። ሰላምታም ሳልሰጣት በመኪናው መስኮት፣ «ሰው ሲሞት ለቅሶ ይደረሳል አይደል? አምና ሲያስወርደኝ የት ነበርሽ? የእኔ ፅንስ ሰው አልነበረም?» አልኳት። ሳቋ ከፊቷ ጠፋ! ደስታዬን አልችለው አልኩ። ብሩክ ግን ዩለስ ከተማ ያለው ቤታችን እስክንደርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተጓዘ።

ረቡዕ

በር ተንኳኳ። ሂሩት ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቅዝቃ፣ በፎይል ትሪ ንፍሮ ይዛ ቆማለች። «ልክ ነሽ፤ መምጣት ነበረብኝ። እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብላኝ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የዚች ሴት ነገር! በገዛ ጥያቄዬ አሸነፈችኝ። ላስወጣት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ያኔ ብሩክ ከመኝታ ቤት ወጣ። ነጠላዋን አየ፣ ንፍሮውን አየ፣ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። አለቀሰ፤ ድምፅ አውጥቶ። «ስም አውጥቼለት ነበር» አለ።

ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም።

ሐሙስ

ዛሬም ቅናቱ አለቀቀኝም። እንባው ለምን እሷ ስትመጣ ወጣ? ብሩክ ያለቀሰለት ፅንስ ሰው መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሌላ ሴትን ግን ሕግ እንድትወልድ ያስገድዳት ለማለት አፌ እምቢ ይለኛል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም፣ አውቃለሁ። ሂሩት ብትሰማኝ በአንድ አፍታ ታፈራርሰኝ ነበር።

ራት ላይ ስሙን ጠየቅኩት። እጄን ይዞ ቀስ ብሎ ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም። ሂሩት እንኳ አልሰማችውም።