በቁማችን ድንኳን ለጣሉልን ለእድራችን ሊቀመንበር

አልሞትንም! አራታችንም አልሞትንም! እኔ ማንተግቦሽ፣ ባለቤቴ ሳህሉ፣ ልጆቻችን ያቤጽና ሊሊ፣ ሁላችንም ከበረዶው ተራራ በደህና ተመልሰናል። አጥንት አልተሰበረም፣ ጥርስ አልወለቀም፤ እኔማ በሃምሳ አንድ ዓመቴ ሁለት እግሬ ከአንድ ሳንቃ ጋር ታስሮ አሥራ አንድ ሜትር ሙሉ ሳልወድቅ ወርጃለሁ። የማያምን ካለ ቪዲዮው አለ።

ደስታው ገፍቶኝ ሰላምታውን ስላስረሳኝ ይቅርታ እየጠየቅሁ ወደ ወጉ ልመለስ።

ለተከበሩ ጋሼ አለማየሁ
የምዕራብ ሜልበርን መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ፍሌሚንግተን

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከሰኞ ወዲህ የደም ግፊትዎ ወረደልዎ ወይ? እኛን በሕይወት ሲያዩ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት ግድግዳ ፍለጋ እጅዎን ሲዘረጉ ስላየሁ፣ ድንኳን ደግሞ ግድግዳ ስለሌለው፣ ከልብ አሳስቦኛል። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ መቀመጫዬ ላይ ከተነሣው ሰማያዊ እብጠት በቀር አንዳች የጎደለን ነገር የለም።

ይህንን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ለእርስዎ ብቻ ልልክ አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን እርስዎ የእገዳ ደብዳቤያችንን በእድሩ ቫይበር ግሩፕ ላይ ለመቶ ሰባ አባወራ በአንድ ጊዜ ስላዳረሱልን፣ እኔም ውለታ ሳልመልስ ማደር ስለማልወድ፣ እዚያው ቦታ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አዳዲስ አባላት ከሥሩ ላስረዳ። የሐምሌ የትምህርት ቤት ዕረፍት ካለቀ በኋላ፣ አረጋውያን በምንከባከብበት ኤጅድ ኬር ሺፍት ላይ ሳለሁ የሊሊ አስተማሪ ደወለችልኝ። ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ «የክረምት ዕረፍቴ» በሚል ርእስ ጽሑፍ ጻፉ ተብለው የእኔዋ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከእናትና አባቷ ጋር አራት ለቅሶ ቤት እንደሄደች፣ በየቤቱ ስንት ወንበር እንደነበረና የማን ቤት ንፍሮ እንደሚበልጥ በደረጃ ጽፋለች። አስተማሪዋ በለሰለሰ ድምፅ ቤት ውስጥ ሰላም ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንደኛ የወጣው ንፍሮ የእኔ መሆኑ መጀመሪያ አኩርቶኝ እንደነበር አልደብቅም፤ የእድሩ የወጥ ቤት ኃላፊ ሆኜ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩት በከንቱ አይደለም። ኋላ ግን ባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳስበው ዓይኔን እንባ ሞላው። ልጄ በተወለደችበት አገር ዕረፍት ማለት ለቅሶ መስሏታል።

በዚያው ሳምንት ሳህሉ ከሚሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ከዲር ፓርክ ዌርሃውስ ሲመለስ አስቀምጬ በረዶ ላይ በሳንቃ ወደሚንሸራተቱበት፣ ስኖውቦርድ እንሄዳለን አልኩት። እሱ በረዶውን ከሩቅ አይተን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ በዚያው ቀን የምንመለስበት ቅርብ ቦታ ይሻላል አለ። ያቤጽ አሥራ አምስት ዓመቱ ስለሆነ ከትልልቆቹ ተራሮች በታች አልወርድም ብሎ «ዳድ፣ ሲሪየስሊ?» አለ። ሊሊ ትኩስ ቸኮሌት ካለ የትም ይሁን አለች። ከተራሮቹ ቡለር ወይስ ሆታም ተብሎ አንድ ሳምንት ከተሟገትን በኋላ ሆታም አሸነፈ። ጾመ ፍልሰታ ላይ ሄዱ እንዳንባል እስኪፈታ ጠብቀን፣ ከነሐሴ ሃያ እስከ ሃያ ሁለት ቡክ አደረግን። እኔም ደንቡ እንደሚያዘው ከተራዬ ስለምቀር በወጥ ቤቱ ሰው እንዲተካልኝ ለጸሐፊያችን ለአቶ ሓለፎም አስታወቅሁ፤ የምናድርበትን የሎጅ ስልክ ቁጥርም ጭምር ሰጠሁት። ይህች ቁጥር ኋላ ስለምትፈለግ ልብ ይበሉልኝ። ማለቴ፣ ስላልተፈለገች።

እንግዲህ ቅሬታዎቼ በቁጥር የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፦ ሐሙስ ዕለት፣ ካልሲ እያጣጠፍኩ ሳለሁ፣ ደብዳቤዎ ስልኬ ላይ ገባ። እንዲህ ይላል፦ «አባሏ ከነቤተሰቧ በገዛ ፈቃዷ እግሯን ከሳንቃ ጋር አስራ ከተራራ ራሷን ለመወርወር የወሰነች ስለሆነ፣ እድራችንም ሞት የመጣበትን እንጂ ሞት ፍለጋ የወጣን የማይቀብር ስለሆነ፣ ጉዞውን ካልሰረዘች ከዛሬ ጀምሮ ታግዳለች።» ስለ አጻጻፉ ውበት አመሰግናለሁ። ሳህሉ ግን አንብቦ ቁጭ አለ። እናቴ ያረፈች ጊዜ፣ አገር ቤት መሄድ ሳልችል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሜድስቶን ያለውን ቤቴን የሞላው፣ ውሃ እንኳ እንዳላፈላ ጀበናውን ከእጄ የተቀበለኝ ይህ እድር ነው። ከዚህ እድር ውጭ እዚህ አገር የእኔ የምለው የለኝም። ይህንን እያወቁ ነው የጻፉት ጋሼ፤ እኔም ይህንን እያወቅሁ ነው የሄድኩት። ያቺን ጽሑፍ የጻፈችውን ልጅ ፊት ማየት ከበደኝና ሄድኩ።

ሁለተኛ፦ በዚያው ሐሙስ ማታ በጠሩት ስብሰባ ላይ የእኛ ደም ለበረዶ አልተሠራም በማለት ላካፈሉን የሕክምና እውቀት ባለ ዕዳዎ ነኝ። ደማችን ምን እንደሆነ ቦታው ድረስ ሄደን አጣርተናል። ሳህሉ ጃኬት መከራየት አያስፈልግም ብሎ የዌርሃውሱን ብርቱካናማ የሥራ ጃኬት ለብሶ ስለመጣ፣ የተራራው ሠራተኛ መስሏቸው ሰዎች ወደ ላይ የሚያወጣው ሊፍት በየት ነው፣ ሽንት ቤቱ የት ነው እያሉ ሲጠይቁት ዋሉ። እሱም አንድም ሰው ሳያሳፍር ሁሉንም በእርግጠኝነት መራ፤ የት እንደመራቸው እግዜር ይወቅ። እኔን ያስተማረችኝ ልጅ ሃያ ዓመት አይሞላትም። ጉልበትሽን አጠፍ አድርጊ ትለኛለች፣ አጠፍ ሳደርግ እቀመጣለሁ፤ ተነሺ ትለኛለች፣ ስነሣ እተኛለሁ። ሊሊ በአጠገቤ እያለፈች «ማም፣ ዩ ሉክ ላይክ ኤ ተርትል» አለችኝ፤ ኤሊ መስለሻል ማለቷ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ቆምኩ። ቆሜም ሄድኩ። እልል እያልኩ ስለወረድኩ ፊት ለፊቴ ያሉት ፈረንጆች በሙሉ አደጋ መስሏቸው መንገድ ለቀቁ።

ሦስተኛ፦ እሑድ ልንመለስ ስንል በረዶው ስለበረታ መንገዱ ተዘጋና እዚያው ሎጅ አንድ ቀን ጨመርን። የእኔ ስልክ እነዚያን አሥራ አንድ ሜትሮች ደጋግሞ ሲያሳይ ባትሪው አልቋል፣ ቻርጀሩም ቤት ቀርቷል፤ የሳህሉን በረዶ ውስጥ ጥሎታል፤ የልጆቹን ደግሞ ለእርስዎ ለመደወል እንደማይሰጡን ያውቁታል። በዚያው ምሽት እርስዎ ቴሌቪዥን ከፍተው በተራራው መንገድ ላይ አንድ ነጭ ቶዮታ ከመንገድ መውጣቱን ሰሙ። የእኛም መኪና ነጭ ቶዮታ ነው። የእርስዎም ነጭ ቶዮታ ነው። ከእድራችን አባላት ነጭ ቶዮታ የሌለው ካለ እጁን ያውጣ። ዜናው ቀጥሎ ሹፌሩ ብቻውን እንደነበረና ጭረት እንኳ እንዳልነካው ተናግሯል፤ እርስዎ ግን «ነጭ» የሚለው ላይ ዘግተው ነጠላዎን አነሡ።

እዚህ ላይ ማንም ጤነኛ ሰው ወደ ፖሊስ፣ ካልሆነም ወደ ሎጁ ይደውላል። ቁጥሩ አቶ ሓለፎም ኪስ ውስጥ ነበር። እርስዎ ግን መርዶ በስልክ አይጠየቅም ብለው ከለከሉት። ሞትን በስልክ መጠየቅ ነውር ስለሆነ፣ በስልክ ለመቶ ሰባ አባወራ ሞታችንን ነገሩ። ለጨዋነትዎ አመሰግናለሁ።

አራተኛ፦ ሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ሰፈራችን ስንደርስ መንገዱ ግራና ቀኝ በነጭ ቶዮታ ተሞልቷል። ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ቆሟል። እኔው ራሴ ያጠብኳቸው ትልልቅ ድስቶች እሳት ላይ ናቸው። ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅሁም። ድንኳን ያየ የእኛ ሰው አይጠይቅም፣ ያለቅሳል። ከመኪናው ወርጄ እጄን ራሴ ላይ አድርጌ እየጮህኩ ገባሁ፤ ከሴቶቹ መሀል አንዷ ፊቴን እንኳ ሳታይ አቅፋ «አይዞሽ እህቴ፣ ለሁላችንም ነው የሞተችብን» አለችኝ፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ለአምስት ደቂቃ ያህል ለራሴ ሳለቅስ ቆይቻለሁ፤ እንዲያውም ከብዙዎቹ በተሻለ አልቅሻለሁ ማለት እችላለሁ።

እርስዎም በዚያው ሰዓት መሀል ላይ ቆመው ንግግር ያደርጉ ነበር። «ማንተግቦሽ የእድራችን ምሰሶ ነበረች፤ አንድ ቀን ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም» ሲሉ ነው ቀና ያልኩት። ሐሙስ ዕለት በስብሰባው «አፈኛ» ያሉኝ ሰው ድምፅ መሆኑን ለማመን ጊዜ ፈጅቶብኛል። ከዚያም ሳህሉ ብርቱካናማ ጃኬቱን እንደለበሰ ሳንቃ ተሸክሞ ገባ፣ ሴቶቹ ጮኹ፣ አንድ ወንበር ተገለበጠ፤ እርስዎም እኛን ትክ ብለው አይተው ከሁሉ በፊት የተናገሩት ቃል «ታዲያ ስልክ አታነሡም!» የሚል ነበር።

ዓይንዎ ግን ቀልቶ ነበር ጋሼ። ነጠላዎን አዘቅዝቀው ነበር፤ ጫፉም ረጥቦ ነበር። ቢክዱም አይቻለሁ።

ያንን አይቼ ይቅር ልል ስንደረደር ነው እንግዲህ አምስተኛውን ቅሬታ የጨመሩልኝ። እንባዎ ሳይደርቅ፣ ድንኳኑ ይነቀል፣ የመጣው በስህተት ነው፣ የእነ ማንተግቦሽ እገዳ ግን እንዳለ ነው አሉ። ንፍሮው እንኳ አልተበላም ነበር።

እኔ የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ሕግ አላጠናሁም። ዳሩ ግን የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ስለሆንኩ ሽንኩርት እየከተፍኩ ዘጠኝ ዓመት አንብቤዋለሁ። አንቀጽ ሰባት ድንኳን፣ ድስትና ወንበር የሚወጣው እገዳ ለሌለበት አባል ብቻ ነው ይላል። የዕቃ መውጫ መዝገቡ ላይ ደግሞ ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት በእርስዎ የእጅ ጽሑፍ «ለውድ አባላችን ለወይዘሮ ማንተግቦሽ ቤተሰብ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሥሩም የእርስዎ ፊርማ አለ። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ እገዳውን በገዛ እጅዎ አንሥተዋል፤ ወይ ደግሞ የእድሩን ንብረት ለታገደ ሰው አውጥተዋል። ለሁለተኛው አንቀጽ አሥራ ሦስት ሊቀመንበሩ ከቦታው ይነሣል ይላል። እኔ እርስዎን ስለምወድ የመጀመሪያውን መርጬልዎታለሁ።

ምርጫዬ ግን ያለ ጉባኤ አይጸናም። ስለዚህ ድንኳኑ አይነቀልም። ሳህሉ ብርቱካናማ ጃኬቱን ለብሶ ካስማዎቹን አጥብቆ መትቷቸዋል። ከአባላቱ ከግማሽ በላይ የተገኙበት ስብሰባ ጉባኤ ስለሆነ፣ ቅዳሜ እዚያው ድንኳን ውስጥ ምሳ ከበላን በኋላ እጅ ይወጣል። ማንተግቦሽ ትመለስ የሚል እጁን ያነሣል፤ አትመለስ የሚልም እጁን ያነሣል፤ በሕይወት ያለ ሰው ፊት ማንሣት ይከብደው እንደሆነ አብረን እናያለን።

በመጨረሻም፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ እንባው፣ ስለ ምስክርነቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለቅሶዬ ላይ ስንት ሰው እንደሚመጣ በዓይኔ እንዳይ ስላደረጉኝ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ይህንን ሳያይ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። ረጅም ዕድሜ፣ የተስተካከለ ግፊት፣ የዜናንም መጨረሻ የሚጠብቅ ትዕግሥት እመኝልዎታለሁ።

ከመቃብር ሳይሆን ከሜድስቶን፣
ምሰሶ የነበረችው፣ አሁንም ያለችው፣
አክባሪዎ ማንተግቦሽ

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ እትዬ ሎሚ በለቅሶው መሀል ጠጋ ብለው የስኖውቦርድ ጫማ በሠላሳ ስምንት ቁጥር ይገኝ እንደሆነ ጠይቀውኛል፤ ይገኛል። ለመጪው ክረምት ከእኛ ጋር ቡክ አድርጌያቸዋለሁ፤ ራሳቸው እንዳይነግሩዎ ሳቅ እያሸነፋቸው ስለተቸገሩ በእኔ በኩል እንዲደርስዎ ፈቅደዋል። እርስዎ እስከዚያ እሳቸውንም ማገድ የሚፈልጉ ከሆነ ደብዳቤውን ምሳው ላይ ይዘውት ይምጡ፤ እትዬ ሎሚ ከጎንዎ ቁጭ ብለው ሲነበብ ይሰማሉ። የቀራችሁትም ሁሉ፣ ያለቀሳችሁም ያላለቀሳችሁም፣ ጥቁር ሳትለብሱ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ፣ ሜድስቶን እኛ ቤት፣ ቅዳሜ ነሐሴ ሃያ ስምንት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት።