ሸሚዝህ እኔ ዘንድ ነው

ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት
ጥቅምት ፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለተወደድክ ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትህን እጠይቃለሁ። መንገዱስ እንዴት ይዞሃል? ወገብህን እንደሚያምህ ከባልደረባህ ከዋለልኝ ሰምቼ አዝኛለሁ፤ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የሚውል ሰው ከጀርባው ትራስ ማድረግ አይርሳ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ሙቀቱም በዚህ ሳምንት ትንሽ ምሕረት አድርጎልናል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ወር ከመኪናህ ጋቢና የጠፋብህ ሰማያዊ ሸሚዝ እኔ ዘንድ ነው። ዋለልኝን እንዳትቆጣው፤ ለምኜ ያሰረቅሁት እኔ ነኝ። ያልታጠበ መሆን አለበት ስለው ጭራሽ ደነገጠ። «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ደብተራ ጋ ሊሄዱ ነው እንዴ? ልጁን ሊያስደግሙበት ነው?» አለኝ። ለውሻ ነው ብዬ ስነግረው ሳቁ መኪኖቻችሁን እስከምታቆሙበት እስከ ፔካ 12 ድረስ የተሰማ ይመስለኛል።

ውሻውንም አምና በዚህ ጊዜ ያመጣልኝ ራሱ ዋለልኝ ነው። ከቆመ መኪና ሥር አገኘሁት ብሎ፣ መዳፍ የማይሞላ ቡችላ በካርቶን ይዞ መጣ። ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ስላለችው ነጥብ አልኩት። አርባ ዓመት ልጆች ያስተማረ ሰው አንድ ቡችላ አያቅተውም ብዬ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት የግራ ጫማዬን፣ የአልጋዬን ጠርዝና የመዝገበ ቃላቴን ከ«ሀ» እስከ «ቀ» ያለውን ክፍል በላ።

ዙለይካ የምትባል ጎረቤት አለችኝ፤ ከደጄ አጠገብ ጫት ትሸጣለች። ውሻ ከነካት ለሶላቷ ልብሷን ማጠብ ግድ ስለሚሆንባት፣ «መምህር፣ ወይ እሱ ይማራል ወይ እኔ ሰፈር እለቃለሁ» አለችኝ። ስለዚህ ከእርሷ ሁለት ክንድ ርቆ መቀመጥን አስተማርኩት። ፈተናው የሚሰጠው ቀትር ላይ ነው፤ የጫቱ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ሲገባና ሰፈሩ በሙሉ ሲሯሯጥ። ያን ጊዜ ንቅንቅ ሳይል ከቆየ አንድ ቁራጭ ዓሣ ያገኛል። ስድስት ወር ፈጀበት። አሁን ዙለይካ ስታልፍ እንደ ዲያቆን ቀጥ ይላል። «ከባሌ ይሻላል» ትላለች።

ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በሦስተኛው ወር ነጥብ የእናትህን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ፎቶግራፍ ከጠረጴዛ ላይ ወስዶ ማዕዘኑን አኘከው። ተቆጣሁ። እጄ ሳላዘው ወደ መሳቢያው ሄዶ የእንጨት ማስመሪያዬን አወጣ። ታውቃታለህ። ወደ ላይ አነሣኋት። ውሻው አልሸሸም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀኝ።

አንተም አትሸሽም ነበር። በክፍል ውስጥ ሌላው ልጅ ለጥፋቱ አንድ ሲቀምስ አንተ ሁለት ትቀምስ ነበር፤ መምህሩ ለልጁ ያዳላል እንዳይባል። ሁለተኛዋን ስትጠብቅ ዓይንህን ትጨፍናለህ። ያን ጊዜ ጽናት ነው እል ነበር። ልጄ ሆይ፣ አድልቻለሁ፤ በአንተ ላይ አድልቻለሁ። በአሥራ ሰባት ዓመትህ ጥለኸኝ ስትወጣ እንኳ ጥፋቱን ያንተ አድርጌ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ።

ማስመሪያዋ አሁን የነጥብን ሩዝ ታማስላለች። ሌላ ሥራ የላትም።

እንግዲህ ሸሚዙ። ነጥብ አድጎ በር ጠባቂ ሆኗል፤ የማያውቀውን ሰው በጩኸት ነው የሚሸኘው። አንተ በየሁለት ሳምንቱ ጭነት ይዘህ እዚህ ከተማ ትገባለህ። አንድ ቀን ልብህ ራርቶ ብትመጣ፣ በገዛ ቤትህ ደጃፍ ውሻ ጮኾብህ እንዳትመለስ ፈራሁ። ስለዚህ ሽታህን ላስተምረው አሰብኩ። ለብዙ ቀን ትምህርት የሚሆን ዓሣ አዘጋጅቼ ሸሚዙን ፊቱ ዘረጋሁለት።

ትምህርት አላስፈለገም። ገና ሲያሸተው መላ ሰውነቱ ተወዛወዘ፤ እያለቃቀሰ ሸሚዙን በጥርሱ ጎትቶ ወደ ደጅ ሮጠ፤ በቆርቆሮው በር ሥር ባለችው ክፍተት አፍንጫውን አውጥቶ ይጠብቅ ጀመር። የውሃ ሳህኑም የሚቀመጠው እዚያው ነው።

ስለዚያ ሳህን ለብዙ ጊዜ የማይገባኝ ነገር ነበር። ከሁለት እሁድ አንዱን፣ ከቅዳሴ ስመለስ፣ በዚህ ሙቀት ደርቋል ያልኩት ሳህን ሞልቶ፣ ውሃውም ገና ቀዝቃዛ ሆኖ አገኘው ነበር። ዙለይካን ባመሰግናት፣ «እኔ የውሻ ዕቃ ልነካ? ወላሂ፣ እኔ አይደለሁም!» ብላ ማለች። ታዲያ ማን ነው ብላት ጫቷን የምትሸፍንበትን እርጥብ ጆንያ ታስተካክል ጀመር። እኔም አልጨቀጨቅኋት፤ ዋለልኝንም አልጠየቅሁም፤ አንተንም አልጠይቅህም።

ከእንግዲህ ቅዳሴ ስሄድ በሩን በቁልፍ አልዘጋውም። ገፋ ብታደርገው ይከፈታል። ወንበሩን በጥላው በኩል አድርጌዋለሁ። ቅዳሴ በማልሄድበት ቀንም ደግሞ አለሁ።

ሸሚዝህን አጥቤ በዋለልኝ ልልክልህ ነበር፤ ነጥብ ግን ተኝቶበት አልነሣም አለኝ። ራስህ መጥተህ ብትለምነው ይሻላል።

ቁልቁለቱን ፍሬንህ ይያዝልህ። እናትህ ስለ አንተ የለመነችው አምላክ በየኬላው ይቅደምልህ፤ እንቅልፍህን ከመሪ ላይ አርቆ በአልጋህ ላይ ይስጥህ።

አባትህ