አንድ ደላላ ወይስ ቢሮ ሙሉ

ጥር 6
ዛሬም ከየካ አባዶ ሃያ ሁለት ለመድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ሱቄን ስከፍት ጎረቤቶቼ የመጀመሪያ ደንበኛቸውን ሸኝተዋል። በቃ፣ ኮንዶሚኒየሙ ይሸጥ። ለሱቁ የሚቀርብ ትንሽ ቤት ይሻለኛል። ባለቤቴ ሃይደር ከሞተ ወዲህ ሦስት ክፍል ለብቻዬ ምን ያደርግልኛል? ግን ያለኝ ንብረት ይህ ቤት ብቻ ነው። እሱን ካጣሁ... አልጽፈውም።

ጥር 9
ለጋሽ ደጀኔ ነገርኳቸው። ሃያ ሁለት፣ ከሱቄ አጠገብ ካለው ካፌ በር ላይ የማይጠፉት ደላላ። ከሃይደር ጋር ስንጋባ የተከራየናትን ቤት ያገኙልን እሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ገዢ ሲመጣ አብሬ እመጣለሁ። እኔ ከሌለሁ በሩን ለማንም አትክፈቺ» አሉ። ደስ አለኝ። ግን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ አራተኛ ፎቅ ስንቴ ይወጣሉ? ስልካቸውም ግማሹን ቀን ዝግ ነው።

ጥር 14
እህቴ ፈሂማ ሳቀችብኝ። «በዚህ ዘመን ቤት በአንድ ሽማግሌ ይሸጣል?» ጎትታ ቦሌ አንድ ቢሮ ወሰደችኝ። ስምንት ልጆች፣ ሁሉም ስልክ ላይ። ኢዮስያስ የሚባለው አስተናገደን። «እኛ በቲም ነው የምንሠራው ማዘር። አንዱ ባይመቸው ሌላው አለልዎት።» የቤቱን ካርታና መታወቂያዬን በስልኩ ፎቶ አነሳ። ሆዴ እምቢ ብሎ ነበር... ግን ስምንት ሰው እያየኝ «አላመንኳችሁም» ይባላል? ይሉኝታዬ አይገድለኝም? ኦሪጅናሉን ወዲያው ተቀብዬ ቦርሳዬ ከተትኩ። ታዲያ ምን ያስፈራኛል?

ጥር 15
ለጋሽ ደጀኔ አልነገርኳቸውም። በካፌው በኩል ላለማለፍ ዞሬ ሱቅ ገባሁ። አሳፋሪ ነኝ።

ጥር 22
በሳምንት አራት ጊዜ መጡ፣ በየጊዜው ሌላ ልጅ። ቪዲዮ ይቀርጻሉ፣ ቁም ሣጥኔን ሳይቀር ይከፍታሉ። የዛሬዋ «የቤቱን ባለቤት ልታገናኚኝ ትችያለሽ?» አለችኝ። ሠራተኛ መስዬአት። ሳቅኩ። ቆይቶ ግን ፈራሁ። እኔን የሚያውቀኝ የለም ማለት ነው?

ጥር 27
ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። «ቀን ቀን ቤት አይኖሩም አይደል?» ማን ልበል ስለው ዘጋው። ለኢዮስያስ ደወልኩ። «ገዢ ይሆናል ማዘር፣ አይጨነቁ።» የበሩን ቁልፍ አስቀየርኩ። ልቤ ግን አልተመለሰም።

የካቲት 4
ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሜትር የያዘ ጨዋ ሰው። ጣሃ እባላለሁ አለ። መጋረጃ ሊለካ ነው የመጣው።
«ቤቱን ገዝቻለሁ፣ ቀብድ ሰጥቻለሁ። እርስዎ ተከራይ ነዎት?»
«ከማን ነው የገዛኸው?» አልኩት።
«ከባለቤቷ፣ ከወይዘሮ ሀጀር። በቪዲዮ አየሁት። ደላሎቹ ሌላ ሰው ሳይቀድምህ ፍጠን ሲሉኝ ትናንት አንድ ካፌ ተቀምጠን ተፈራረምን።»
ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። የኔ ካርታ። መታወቂያው ላይ ስሜ፣ የአባቴ ስም፣ የቤት ቁጥሬ። ፎቶው ግን የሌላ ሴት።
«ሀጀር እኔ ነኝ» አልኩት። አላመነኝም። በሱ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም። ኦሪጅናሉን ካርታና መታወቂያዬን አውጥቼ ሳሳየው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «ታዲያ እኔ ማንን ነው ያገኘሁት?» አለ። ያ ረቢ... አብረን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን።

የካቲት 5
ከፖሊስ መርማሪው ጋር ቦሌ ቢሮው ሄድን። ፎቶውን ያነሳው ማን ነው? ኢዮስያስ። የት አለ? ሥራ ለቋል። ለማን ላከው? ለቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ። ግሩፑ ውስጥ ስንት ሰው አለ? «በቲም ነው የምንሠራው» አለች አንዷ፣ አይኗን ሳታነሳ። ከዚያ ሁሉ ሰው «እኔ ነኝ» የሚል አንድ ጠፋ።

የካቲት 6
ጋሽ ደጀኔ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ መደበቄን ጭምር። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ተነሺ፣ እግድ እናውጣ» ብቻ አሉ። የፍርድ ቤቱን ደረጃ እያረፉ ወጡ፣ እኔ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ከኋላቸው።

የካቲት 13
እግዱ ወጣ። ቤቱ በማንም አይሸጥም፣ አይለወጥም። በማንም ሲባል እኔም አለሁበት። ቤቴን ከዚያች ሴት ለማዳን ራሴም ላይ አስቆለፍኩት። እስከ መቼ? «ጉዳዩ እስኪያልቅ» አሉኝ። ሴትየዋ አልተያዘችም።
ማታ ወደ ቤት ለመመለስ ሃያ ሁለት ታክሲ ስጠብቅ ከኋላዬ አንድ ሰው «ሀጀር» ብሎ ተጣራ። አቤት አላልኩም። የትኛዋ ሴት አቤት እንደምትል ለማየት ዞርኩ።