ጽዋው የዘገየባቸው ወይዘሮ ጌጤ ማሩ
(ከ1924 – 1980 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ጌጤ ማሩ ከአባታቸው ከቄስ ማሩ ወርቁና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብዙነሽ አለሙ በ1924 ዓ.ም. ጉና ተራራ ግርጌ ተወለዱ። በዘመናቸው ሴት ልጅ ፊደል አትቆጥርም ነበር። ይሁን እንጂ ታናሽ ወንድማቸውን ደምሴን አዝለው የኔታ ዘንድ ያመላልሱት ስለነበር፣ ውርጩ ላይ ቆመው ሲጠብቁት ውዳሴ ማርያምን በጆሯቸው አጠኑ። ደምሴ ሲረሳ የሚያስታውሱት እርሳቸው ነበሩ።

በ1941 ዓ.ም. ከአቶ ሙላቴ ጋር በተክሊል ተጋብተው ደብረ ታቦር ከተማ ገቡ፤ ጥሩወርቅንና ደሳለኝንም ወለዱ። አቶ ሙላቴ በ1968 ዓ.ም. ሲያርፉ በእርሳቸው ቦታ ገብተው፣ በየወሩ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን ጽዋ የሚጠጡ ማኅበርተኛ ሆኑ። አንድ ወንድ ልጃቸው ደሳለኝ በ1976 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ወሬው አልተሰማም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መንገደኛ በደጃቸው ሳይቀምስ አልፎ አያውቅም።

ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም. የድግሱ ተራ የእርሳቸው ነበር። በማኅበሩ ደንብ፣ ለጽዋ የተዘጋጀ ማዕድ ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ካህኑ ሳይባርኩት አይቆረስም። ቀኑ ረቡዕ፣ የጾም ቀን በመሆኑ ቅዳሴው ዘግይቶ ነበር። በዚያ መካከል ድርቁ ከእብናት በኩል ያፈናቀላቸው ሰዎች መጡ፤ አንዲት እናትም ልጇን እንዳቀፈች በራቸው ላይ ወደቀች። ወይዘሮ ጌጤ ድፎውን ቆረሱላት። ከኋላዋ የነበሩትንም አስገቡ። ማኅበርተኛው ሲደርስ ከጠላው በቀር የተረፈ አልነበረም።

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ታናሽ ወንድማቸው ደምሴ ነበር። ወይዘሮ ጌጤም፣ “ድግሱ የሚካኤል ነው፤ እንግዶቹንም የላከው እርሱ ነው። የኔንስ ልጅ በሰው አገር ማን ያጎርሰው ይሆን?” አሉ። ደምሴ ግን በሰው ፊት ተዋረድሁ ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ጽዋውን ከእጃቸው ወስዶ ለሌላ ተረኛ ሰጠ፤ ከማኅበሩም አስወጣቸው። ካህኑ ቢለምኑት አልሰማቸውም።

አልጋ እስኪይዙ ድረስ፣ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ወይዘሮ ጌጤ በየወሩ በ12 ዳቦ ጋግረው ወደ ተረኛው ቤት ይልኩ ነበር። ደምሴ ይመልሰዋል፤ እርሳቸውም ተሸክመው ለቤተ ክርስቲያን ነዳያን ያድሉታል። ሰው ወንድማቸውን ሲያማላቸው፣ “ተዉት፣ ገና ልጅ እኮ ነው” ይሉ ነበር። ልጅ የሚሉት ሰው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል።

ከነሐሴ 1979 ዓ.ም. ጀምሮ በጉበት ሕመም አልጋ ላይ ዋሉ። በጥቅምት መጨረሻ ልጃቸውን ጥሩወርቅን ወደ ደምሴ ላኩ። የለመኑት አንድ ነገር ነበር፤ ሳይሞቱ ጽዋው አንድ ቀን ቤታቸው እንዲገባ። ደምሴም፣ “ለኅዳር ሚካኤል ማኅበሩ ይምከርበት” ብሎ መለሳት። ቤታቸው ከቤቱ አጥር ይጋራል። ወይዘሮ ጌጤ ቀኑን እየቆጠሩ ቆዩ፤ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ኅዳር 11 ቀን 1980 ዓ.ም. ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በ56 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈውና አሁን በፊታችሁ ቆሞ የሚያነበው ያ ደምሴ ነው። ዛሬ ማለዳ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ደጃቸው ላይ ተደፋ። ይቅር ብዬሃለሁ፣ ተነሣ የምትለው እህቱ ግን የለችም። በጀርባቸው ያሳደጉት ወንድም ቃሬዛቸውን ተሸክሞ እዚህ አደረሳቸው፤ ዕዳው በዚህ አይወርድለትም።

ጽዋው ይኸው በራስጌያቸው ቆሟል። የዛሬው የኅዳር ሚካኤል ተራ የወይዘሮ ጌጤ ነው። ማኅበርተኛው ከቀብር መልስ ቤታቸው ይሰበሰባል፤ ነገር ግን በሩ ለመንገደኛው ክፍት ይሆናል፣ ድፎውም አስቀድሞ የሚቆረሰው ለእርሱ ነው።

ወይዘሮ ጌጤ አንዲት ሴት ልጅ፣ ሦስት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል፤ ደሳለኝንም ከሕያዋን ጋር ቆጥረነዋል። ቅዱስ ሚካኤል ነፍሳቸውን እየመራ ከአብርሃም እቅፍ ያድርስልን። ልጃቸውም ባለበት የሚያጎርሰው አይጣ። አሜን።